ሜዳ የዋለው ቆብ

ክራግሌይ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1968

ውድ ወንድሜ ሌናርድ፣

ደብዳቤህ ሐሙስ ደረሰኝ። ሰላምታህን ለአባባ ሳነብላቸው "ለንደን ብርድ የለም እንዴ? ስለ ብርዱ አንድ ቃል አልጻፈም" አሉ። ይህን እንደ ናፍቆት ቁጠርላቸው፤ ከእሳቸው ከዚህ የበለጠ አይወጣም። እኔ ደህና ነኝ። ገና እየተቃረበ ስለሆነ ከረሜላ ፋብሪካው ፋታ አልሰጠንም፤ ማታ ቤት ስገባ ድመቷ እጄን ካልላስኩ ትላለች።

የአባባን ጤና ለጠየቅኸኝ፣ እንደነበሩት ናቸው። ሳሉ አለ። የማዕድን ጉድጓዱ የከሰል አቧራ አንዴ ደረት ከገባ እንግድነቱን ረስቶ ቤተሰብ ይሆናል። ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም።

ሁለተኛው ጥያቄህ ግን ብቻዬን አሳቀኝ። የክራግሌይ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ራግቢ ያያል ወይ ትለኛለህ! አንተ ሰውዬ፣ ቴሌቪዥን ጣቢያ ገብተህ ተመልካች ቆጣሪ ስትሆን የተወለድክበትን መንደር ረሳኸው? የእኛ ልጆች እዚህ ሜዳ እየተጋጩ፣ ቤት ቁጭ ብሎ የሌላ ከተማ ጨዋታ ማየት ሚስትን ትቶ የጎረቤት ሚስት በቀዳዳ እንደማየት ነው። ስለዚህ ሁሉም ያያል፤ መጋረጃ ዘግቶ ያያል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በመንገዳችን ብታልፍ የየቤቱ መጋረጃ ድርግም ብሏል። በእኛ አገር ደግሞ በጠራራ ቀን መጋረጃ የሚዘጋው ሰው ሲሞት ነው። አዲሱ ቄስ በመጣ ሰሞን መንገዱ ሁሉ ለቅሶ ላይ ያለ መስሎት ሊያጽናና በየበሩ ሲያንኳኳ ዋለ፤ የከፈተለት የለም።

የአባባ ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ነው። ፐርሲ ቢንስን ታስታውሰዋለህ፣ ግድግዳ የምንጋራውን፣ ባለ እርግቦቹን። አባባ የሜዳውን ዳገት መውጣት ካቃታቸው ወዲህ፣ ፐርሲ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ላይ ይቆምና "ኤሞስ፣ አትሄድም እንዴ?" ይላቸዋል። አባባ ቆባቸውን አውልቀው ይሰጡታል። ይዞት ሄዶ፣ በጋዝ ፋብሪካው በኩል ባለው የቁም ተመልካች ደረጃ ላይ፣ አባባ መጫወት ካቆሙ ጀምሮ ሲደገፉት በኖሩት ብረት ላይ ይሰቅለዋል። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ሰው አይቆምም። ጨዋታው ሲያልቅ ቆቡን መልሶ ያመጣና "ዛሬ ጥሩ ቦታ ነበረህ፣ ሁሉንም አይተሃል" ይላቸዋል። አባባ ግን በዚያ ሰዓት መጋረጃ ዘግተው ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠው ነበር። ፐርሲም ያውቃል፣ እሳቸውም እንደሚያውቅ ያውቃሉ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ግን ለምን ጠየቅኸኝ? አንተ ያለ ነገር አትጠይቅም።

እህትህ ሂልዳ


ለንደን፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1968

ውድ እህቴ ሂልዳ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ጀምሬ ቀደድኩት፣ ደግሜ ጀምሬ ደግሜ ቀደድኩት። ለአባባ ንገሪያቸው፤ እዚህም ብርድ አለ፣ ግን እንደ ክራግሌይ ብርድ የሚኮሩበት አይደለም። የላክሽው የዝንጅብል ኬክ ደርሷል። የቤት አከራዬ ወይዘሮ ፌን "ይህ ነገር ምግብ ነው ወይስ ጡብ?" ብላ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ግማሹን በላችው።

ለምን ጠየቅኸኝ ላልሽው ግማሹን ልንገርሽ። ከዚህ በታች ያለውን ለአባባ አታንብቢላቸው።

የእኛ ክፍል በየከተማው ጠያቂዎች እየላከ "ትናንት ምን አያችሁ?" ብሎ ሰዉን ይጠይቃል። መልሱ ተደምሮ ለአለቆች ይቀርባል፤ ምን ይቀጥል፣ ምን ይቅር የሚሉት እነሱ ናቸው። የቅዳሜው ራግቢ ተመልካች እየሳሳ ነው። ለምን ሲባል አለቆቻችን መልስ አያጡም። ዝናብ ከዘነበ ሰው ቤቱ ይውላል፣ ቁጥሩ ይወጣል ይላሉ። ቡድኖቹ ከተመጣጠኑ ይወጣል፣ አንዱ ሌላውን ከረመረመ ሰው ይነሳል። በሌላው ጣቢያ የነጻ ትግል ካለ ይወርዳል። የቅርብ አለቃዬ አቶ ኬሩ መስኮት ላይ ቆሞ ሰማዩን እያየ "ቅዳሜ ይዘንብልናል" ሲል ዘር የዘራ ገበሬ ነው የሚመስለው። የደቡቡ ሰው ደግሞ ጨዋታው አይገባውም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላው ነው። ጨዋታው በተወለደበት አገር፣ በእኛው ሰፈር፣ አየሁ የሚል ሰው ጠፍቷል። ክራግሌይ ባዶ ነው። ጎረቤታችንና ባላንጣችን ስካርቤክም ከእናንተ አይሻልም።

የመጋረጃውን ነገር ቢሮ ውስጥ ብናገር የሚያምነኝ የለም። ደግሞም መናገር አልችልም። የሚጠየቁትን ሰዎች እንዲህ በሉ ማለት፣ በእህት በኩልም ቢሆን፣ ከሥራ ያስወጣል፤ ማስወጣቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ ምንም አድርጊ አላልኩሽም። ጠያቂዋ ወደ እናንተ መንገድ ስትመጣ ምን እንደሚባባሉ ብቻ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።

ሌላውን ግማሽ አትጠይቂኝ።

ወንድምሽ ሌናርድ


ክራግሌይ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1968

ውድ ሌናርድ፣

ጠያቂዋን ፈልጌ መድከም አላስፈለገኝም፤ እሷው ትናንት በራችንን አንኳኳች። ወይዘሮ ኦግደን ትባላለች። ረጋ ያለች፣ ጫማዋ ንጹሕ፣ ሰው የምታከብር ሴት ናት። አንድ ጥፋት ብቻ አለባት፤ የስካርቤክ ሰው ናት።

አባባ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። እኔ ከኋላቸው ድንች እየላጥኩ ነበር።

"እንደምን አደሩ አቶ ታክሪ። ትናንት ከሰዓት ቴሌቪዥን አይተው ነበር?"

"ትናንት ቅዳሜ አይደለም እንዴ?"

"ቅዳሜ ነው።"

"ታዲያ የት እውላለሁ? ሜዳ ነበርኩ።"

ሴትዮዋ የቤት ጫማቸውን አየች። ከደረታቸው የሚወጣውን ሲርሲርታ ሰማች። "ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው?" አለቻቸው።

"ስለ ቴሌቪዥን ልትጠይቂ ነው የመጣሽው ወይስ ስለ ደረቴ? ሌላ የምትጠይቂው ከቸገረሽ፣ ባለፈው ዓመት እዚህ መጥታችሁ ስንት ለባዶ እንደሄዳችሁ ጠይቂኝ።"

እሷም ሳቋን ውጣ ጻፈችና ሄደች። "አባባ፣ ምነው ዋሹ?" ብላቸው ተቆጡኝ። "ምን ዋሸሁ? ቆቤ የት ነበር? ቆቤ ካለ አለሁ። ደግሞስ ኤሞስ ታክሪ ቤቱ ተጋድሞ የሌላ ከተማ ጨዋታ ያያል ተብሎ በስካርቤክ ገበያ ይወራብኝ?"

ከቤት ቤት ያው ነው። አንዱ ሜዳ ነበርኩ አለ። አንዱ አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር አለ፤ አክስቱ ከሞተች ዘመን አልፏል። የኔን ደግሞ ስማ። እኔም ሴትዮዋ ከመሄዷ በፊት ስጠየቅ አፌ ላይ የመጣልኝ "ልብስ ሳጥብ ነበር" ነው። በቅዳሜ! ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ክራግሌይ ውስጥ ከሰኞ ሌላ ልብስ የሚያጥብ ማን አለ? ለስካርቤክ ወሬ ሰጠኋት።

አንተ ግማሹን ብቻ ጻፍክልኝ፤ ቀሪውን ካቆምክበት ቦታ አነበብኩት። ሊያነሱት ነው አይደል? የሚያየው የለም ብለው የቅዳሜውን ጨዋታ ሊያነሱት ነው። የምናየው ደግሞ አላየንም እያልን ነው። እያወቁ አለቁ ማለት እኛ ነን።

እውነት ከሆነ አንድ ቃል ጻፍልኝ።

ሂልዳ


ለንደን፣ ኖቬምበር 13 ቀን 1968

ውድ ሂልዳ፣

ለጥያቄሽ መልስ የለኝም። የለኝም ስልሽ እንዴት አድርገሽ እንደምታነቢው ደግሞ አውቃለሁ።

የማይደበቅ ዜና አለኝ፤ ለአባባ አንብቢላቸው። ፌብሩዋሪ 1፣ ቅዳሜ፣ ክራግሌይ ከስካርቤክ፣ ከራሳችን ሜዳ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል። ማን መረጠው እንዳትይኝ። አለቆቹ ስለ ቅዳሜው ሰዓት ቁርጥ ያለ ነገር የሚናገሩት ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ይህን ለብቻሽ ያዥው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ከበጋ ጀምሮ በምትልኪው ደብዳቤ ሁሉ ስለ አባባ "እንደነበሩት ናቸው" ትያለሽ። ሂልዳ፣ እንዴት ነው የነበሩት?

ሌናርድ


ክራግሌይ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1968

ውድ ወንድሜ፣

ይቅርታ አድርግልኝ። አንተ እዚያ ብቻህን ነህ፤ ብታውቅ እንቅልፍ ከማጣት ሌላ ምን ታደርጋለህ ብዬ ነው የደበቅሁህ።

አልጋቸውን ከመስከረም ጀምሮ ምድር ቤት፣ ፊት ለፊት ያለው ክፍል አውርደነዋል። ደረጃ አይወጡም። ተጋድመው መተኛት ስላቃታቸው ትራስ ተደግፈው ነው የሚያነጉት። ሐኪሙ ይህ ብርድ ካለፈላቸው የሚቀጥለውን እናያለን አለኝ፤ ሲናገር ግን የኔን ፊት ሳይሆን ቦርሳውን ነበር የሚያየው። ሳምንቱን ሙሉ ብዙም አይናገሩም፣ ጺማቸውን አይነኩትም። ቅዳሜ ሲሆን ግን ውሃ አሙቂ ይሉኛል። ይላጫሉ፣ ክራባት ያስራሉ፣ ቆባቸውን ለፐርሲ ይሰጣሉ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ። ተጫዋቹን ይሰድባሉ፣ ዳኛውን ይረግማሉ፤ ያኔ የድሮው አባቴ ቤት ውስጥ አለ። ከሳምንቱ የቀረቻቸው ያቺ ቀን ናት። እሷን ከወሰዱባቸው ምን ይዘው እንደሚያድሩ አላውቅም።

ስለዚህ አንተ ያላልከኝን አደረግሁ። ሴቶች በምንገባበት ምሽት የሠራተኞቹ መጠጫ ክበብ ሄጄ ተነስቼ ተናገርኩ። ወይዘሮ ኦግደን ስትመጣ እውነቱን ንገሯት፣ ካልሆነ ጨዋታውን ያነሱታል አልኳቸው። ያንተን ስም አላነሳሁም።

"አንቺ ምን አልሻት?" አለኝ ዳቦ ጋጋሪው ሆብሰን።

"ልብስ ሳጥብ ነበር አልኳት።"

"በቅዳሜ?" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "ሂልዳ፣ የኛ ውሸት ቢያንስ ውሸት ይመስላል!"

ከዚያ በኋላ የሰማኝ የለም። ፐርሲ ብቻ ቤት ድረስ ሸኘኝ፤ ሁሉንም ለአባባ የተናገረውም እሱ ነው። የአባባ እራት ቀርቦ ቀዘቀዘ። ቆይተው "ቅዳሜን ሊወስዱብኝ ነው?" አሉኝ፤ ልጅ የሚጠይቅ ነበር የሚመስሉት። 

ትናንት ወይዘሮ ኦግደን በመንገዳችን ስታልፍ አባባ በመስኮት አይተው አስጠሯት። ክራባታቸውን አስረው ጠበቋት።

"ወይዘሮ ኦግደን፣ ባለፈው የዋሸሁሽን ተይው። ትናንት ቤቴ ነበርኩ። መጋረጃ ዘግቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁ። ያለፈውንም ቅዳሜ፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም። ጻፊው፣ ስሜንም ከፈለግሽ ጻፊ።"

ሴትዮዋ እርሳሷን አቆመች። "አቶ ታክሪ፣ የኔም ባል እኮ መጋረጃ ይዘጋል" አለች።

"የስካርቤክ ሰው መዝጋቱ ይገባኛል። እናንተ ጋ የሚያሳፍረው ሜዳ ያለው ነው።"

ሳቀች። ሻይ ጠጣች፣ በስብ የተቀባ ዳቦም በላች። እቤታችን ገብታ ሻይ የጠጣች የስካርቤክ ሰው የመጀመሪያዋ ናት። ከኛ በር ስትወጣ ፐርሲ መንገዱ ላይ ቆሞ "ኤሞስ ተናግሯል!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ማን ይደብቃል? አባባ በወጣትነታቸው የፊት ተሰላፊ ሆነው ሲገቡ ሌላው ተከትሎ ይገባ ነበር ይባላል፤ አሁንም ያው ሆነ። ሆብሰን እንኳ ዱቄቱን ሳያራግፍ ወጥቶ ተናዘዘ።

እንዲህ ነበሩ። እንዲህ ናቸው።

ሂልዳ


ለንደን፣ ዲሴምበር 18 ቀን 1968

ውድ እህቴ፣

መልካም ገና። ለአባባ የሱፍ ሹራብ ልኬያለሁ፤ ቀለሙ የቡድናችን አይደለም ብለው እንደሚያማርሩ አውቃለሁ፣ ለንደን ውስጥ ጥቁርና ብጫ የሚሠራ የለም።

ስለ አባባ የጻፍሽልኝን ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ስለ ደበቅሽኝ አልቀየምኩሽም። እኔም ስደብቅሽ ከርሜ የለ?

ያላልኩሽን በማድረግሽ ምንም አልልም። የማልለው ስላልተፈቀደልኝ ነው። ይህን ብቻ ልንገርሽ፤ ትናንት አቶ ኬሩ ወረቀቱን እያየ "ክራግሌይ ምን ነካው? ሰው ተገኘበት እኮ!" ብሎ ሲስቅ ቢሮው አብሮት ሳቀ። እኔ ወደ ደረጃው ወጥቼ ትንሽ ቆምኩ።

አንድ መንደር ግን አገር አይደለም። የደቡቡ ሰው ካላየ የአለቆቹ ሐሳብ አይነቃነቅም፤ ያንን ደግሞ አንቺም እኔም አባባም ልናስተካክለው አንችልም።

የሚወድሽ ሌናርድ — ብዬ ልፈርም ነበር፤ ወይዘሮ ፌን ከኋላዬ አንብባ "እንዲህ ተብሎ ለእህት ይጻፋል?" አለችኝ። ይጻፋል አልኳት።


ክራግሌይ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1969

ውድ ወንድሜ፣

ቅዳሜ ማታ የላክኸው ቴሌግራም የሰፈሩን ሰው አስደነገጠ፤ ቴሌግራም እዚህ ከሞት በቀር ለሌላ ነገር አይመጣም። ስለዚህ መጀመሪያ መልሱን፤ አባባ ደህና ናቸው። ቆባቸውን ብቻውን አይተህ ለምን እንደፈራህ ገብቶኛል። አሁን አንተ ያላየኸውን፣ ከቴሌቪዥኑ በዚህኛው ወገን የሆነውን ልንገርህ።

ከማለዳ ጀምሮ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርድ ነበር። አባባ ተላጩ። ፐርሲ መጥቶ "ኤሞስ፣ አትሄድም እንዴ?" አላቸው፣ ቆቡን ሰጡት። ዳገቱን ወጥቶ እንደሁልጊዜው ብረቱ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ግን ጥቂት ቆይቶ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ተመልሶ ገባ።

"ቆብህ ቦታውን ይዟል" አላቸው። "እኔ ግን ሳምባ ያለኝ ሰው ነኝ። ጨዋታውን ራሱ እዚህ እያመጡልን ምን ያስበሰብሰኛል?"

ተከትሎት ሆብሰን መጣ፣ ከሚስቱና ከአንድ ትሪ የሥጋ ፓይ ጋር። ከዚያ ሌላው፣ ሌላው። እውነት መናገር ጉዳቱ ይህ ነው፤ አንዴ ተናዝዘው ከጨረሱ የሚያሳፍራቸው ነገር አይኖርም። በዚያ ቅዳሜ በመንገዳችን አንድም መጋረጃ አልተዘጋም። ሰው ሁሉ ቤቱ ነበር፣ በግላጭ። ከኛ ቤት አልጋው ላይ ሳይቀር ተቀምጠዋል።

ፊሽካው ተነፋ። ልጆቻችን ጭቃው ውስጥ ገቡ፣ ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ከዚያ ካሜራው ወደ ተመልካቹ ዞረ። በጋዝ ፋብሪካው በኩል ያለውን ደረጃ ከዳር እስከ ዳር አሳየ። ባዶ ነበር። ሲሚንቶው ላይ ውሃ ይፈሳል። ካሜራው ሄዶ ሄዶ የአባባ ብረት ላይ ደረሰና ቆመ። ያ ቆብ ብቻውን ተሰቅሎ ውሃ ያንጠባጥባል።

"ይህ ቆብ የማን ይሆን?" አለ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰውዬ። "ባለቤቱ ሻይ ሊጠጣ ሄዶ ይሆናል።"

ፓዩ በየሰዉ አፍ ውስጥ ቀረ። አባባ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አዩ። ቀጥሎ ዞር ብለው ክፍሉን የሞላውን ሰው አንድ በአንድ አዩት።

"እንግዲህ ከክራግሌይ ሰው ዛሬ ሜዳ የተገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ" አሉ።

በቁጣ አልነበረም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። አንዱ ጫማውን ያያል፣ ሌላው ጣሪያውን። እረፍት እስኪሆን ማንም አልጮኸም። እረፍት ሲሆን ፐርሲ ተነሳ፤ የተረፈውን ፓይ ኪሱ ከተተና "ያ ቆብ ይበሰብሳል" ብሎ ወጣ። ሆብሰን ኮቱን ፈለገ። ሚስቱ "የኔንስ?" አለችው። ሳይነጋገሩ ነው ሁሉም የወጡት። ከየቤቱም እንደዚያው፤ በመስኮት ሳይ መንገዱ ወደ ዳገቱ በሚወጣ ጃንጥላ ተሞልቷል።

ሁለተኛው ግማሽ ሲጀመር እኔና አባባ ብቻችንን ቀረን። ካሜራው ደግሞ ወደዚያ ብረት ዞረ። መጀመሪያ አንድ ጥቁር ነገር በደረጃው ታየ።

"ፐርሲ ነው" አሉ አባባ። "በአረማመዱ አወቅሁት፤ እርግብ ነው የሚመስለው።"

ከዚያ ሆብሰንን ጠሩ። ከዚያ ሚስቱን። ሁለቱን የዌድ ወንድማማቾች። አንድ ሰው በታየ ቁጥር በስሙ ይጠሩታል፣ እኔም አቤት እላለሁ። ደረጃው እየሞላ ሄደ። ግራና ቀኝ ተጠጋግተው ቆሙ፤ ከቆቡ አጠገብ ያለችውን የአባባን ቦታ ግን የነካ የለም። ፐርሲ ጃንጥላውን ዘረጋ። ለራሱ መስሎኝ ነበር። ቆቡ ላይ ያዘለት። አባባ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ሳሉ እስኪያስፈራኝ፤ ሲያልፍላቸው ደግሞ ሳቁ። እንባቸው የሳል ይሁን የሌላ አልጠየቅኋቸውም። እኔ የኔን አውቃለሁ።

በመጨረሻዋ ኳስ ስካርቤክ አሸነፈን። አባባ ስለ ውጤቱ አንድ ቃል አልተናገሩም።

አሁን ወደ ፈራሁት ልምጣ። እሁድ ወይዘሮ ኦግደን መጣች፤ ሰዉ ሁሉ እውነቱን ነገራት። "ግማሹን አየን፣ ከዚያ ተነስተን ሄድን" አሏት። በየበሩ ያንኑ ስትጽፍ አየኋት፤ እሷም ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ሌናርድ፣ መሀል ላይ ተነሳን። የምትቆጥሩት እሱን አይደል? በገዛ እጃችን አበላሸነው?

ሂልዳ


ለንደን፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1969

ውድ ሂልዳ፣

ስብሰባው እስኪያልቅ አንድ መስመር መጻፍ አልቻልኩም። ይቅርታ። አላበላሻችሁትም።

ስለ ክራግሌይ ያልሽው እውነት ነው። አቶ ኬሩ ወረቀቱን አይቶ "ከእረፍት በኋላ ሰሜኑ ጥሎን ሄደ!" አለ። ቀጥሎ የደቡቡን ገለጠ፤ ከላይ ጀምሮ ደግሞ አነበበው። እዚያ ማንም አልተነሳም። እንዲያውም ሰው ሰውን እየጠራ ተጨምሯል። በእኛ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ጨዋታ የማያውቅ ሰው ከእረፍት በኋላ የሌላውን ጣቢያ ይከፍታል እንጂ አይቆይም። ጠያቂዎቹ ምን አስቆያችሁ ሲሏቸው የሰጡትን መልስ ተራ በተራ አነበብን። ከባሕር ዳርቻ ያለች አንዲት አሮጊት "የጨዋታው ሕግ አይገባኝም፤ የቆቡ ባለቤት ይመጣ እንደሆነ እያየሁ ነበር" ብላለች። የአንድ ፖስተኛ መልስ "ያ ሁሉ ሰው መጥቶ ቦታውን ሲተውለት፣ እንዴት ይነሳል?" የሚል ነው። የኔዋ ወይዘሮ ፌን ምስር እያበሰለች ረስታው አሳረረችው። "ሰውዬው ምን ሆኖ ነው የቀረው?" ብላ እኔን ተቆጣችኝ።

አቶ ኬሩ ዝናቡንም፣ የውጤቱን መቀራረብም፣ በሌላው ጣቢያ የነበረውንም ሁሉ ደረደረና እጁን አጣመረ። "ይህን ከየትኛው ጋር እንቆጥረዋለን? የቆብ ሰንጠረዥ የለንም" አለ። እኔ ያኔ አፌን መያዝ አልቻልኩም። "ያ ቆብ የአባቴ ነው" አልኩ። ከሥራ እንድሰናበት የሚያደርግ ነገር ተናግሬ እንደሆነ እያሰብኩ ነበር። አቶ ኬሩ ግን ሌላ አልጠየቀኝም፤ ወንበሩን ሳብ አድርጎ "ታዲያ አባትህ መጡ?" አለኝ።

የቅዳሜው ጨዋታ ለሚቀጥለው ዓመትም ይቆያል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም አያውቅም።

ለአቶ ኬሩ እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም፤ በየቀኑ ይጠይቀኛል። ወይዘሮ ፌንም ትጠይቀኛለች። እኔ ምን ልበላቸው? አባባን ጠይቂልኝ። ቅዳሜ በጠዋቱ ባቡር እመጣለሁ። ሹራቡን ካልለበሱት እንዳልቀየም አልብሻቸው።

ሌናርድ


ክራግሌይ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1969

ውድ ወንድሜ፣

ይህ ደብዳቤ ነገ እንዲደርስህ እየሮጥኩ ነው የምጽፈው።

ደብዳቤህን ለአባባ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። የአሮጊቷን ቦታ ሦስተኛ አስደገሙኝ። ይህ ሳምንት ከበዳቸው፤ አልደብቅህም፣ ከእንግዲህ "እንደነበሩት ናቸው" የሚለውን አልጽፍልህም። ድምፃቸው ደክሟል፣ ሹራቡን ግን ለብሰዋል። "ቀለሙ የቀባሪ ነው" ብለዋል።

ምን ልበላቸው ላልከው፣ ብዙ አሰቡበት። ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አሉኝ፤ ቃል በቃል ነው። "ለዚያች ሴትዮም፣ ለአለቃውም፣ ምስር ላሳረረችውም ይንገራቸው። የሚጠብቁት ሰው አልቀረም። ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ እዚያው ነበርኩ።"

ፐርሲ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉንፋን ይዞት ከቤት አልወጣም። አባባ ቆቡን እሳት ዳር አድርቀው፣ በብሩሽ ጠርገው፣ በሩ አጠገብ ሰቅለውታል። ቅዳሜ በሩ ላይ ቆመህ "አባባ፣ አይሄዱም እንዴ?" የምትላቸው አንተ ነህ። ባቡሩ እንዳያመልጥህ።

እህትህ ሂልዳ